ለጥንዶች ጣና፦ የትኛው ደሴት ይሻላል፣ የነፋሱ ስፖርትስ የት ነው?

ባሕር ዳር ስለምኖር፣ በተለይ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ባሉት የሠርግ ሳምንታት፣ ከተጋቡ ወር ያልሞላቸው ዘመዶችና ወዳጆች ስለ ጣና ይጠይቁኛል። ጥያቄያቸው ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ ሦስት ወይም አራት ቀን አላቸው፣ ደሴቶቹን ማየት ይፈልጋሉ፣ ውኃው ላይም መጫወት ያምራቸዋል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ዊንድሰርፊንግን፣ ማለትም ሸራ በተተከለበት ሰሌዳ ላይ ቆሞ በነፋስ ጉልበት ውኃ ላይ መንሸራተትን፣ በስልካቸው ተመልክተው «ጣና ላይ አይቻልም ወይ?» የሚሉኝ በርክተዋል። ለእያንዳንዳቸው በየጊዜው የምመልሰውን እዚህ ላይ ሰብስቤ ጽፌዋለሁ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ደሴቶቹን በቁጥር ከማብዛት ይልቅ ሁለታችሁ አብራችሁ የምትገቡባቸውን አንድ ሁለት መርጣችሁ ረጋ ብላችሁ ብታዩ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። በነፋስ የሚደረገውን ስፖርት ግን ጣና ላይ እንድትሞክሩ አልመክርም፤ ለእሱ የሚሆን ሌላ ውኃ አለና በቦታው አነጻጽረዋለሁ።

ሁለታችሁም ትገባላችሁ ወይ?

ጣና 37 ያህል ደሴቶች እንዳሉት ይነገራል፤ ብዙዎቹም ገዳም ወይም ቤተ ክርስቲያን አለባቸው። ለጥንዶች ከርቀቱም ከዋጋውም በፊት መታወቅ ያለበት የገዳሙ ሥርዓት ነው፤ ስማቸው ከሚነሣው ደሴቶች መካከል ሴት የማይገባባቸው አሉ። ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ክብራን ገብርኤልና ጣና ቂርቆስ የወንዶች ገዳማት ናቸው። በአንጻሩ እንጦስ ኢየሱስን፣ ደብረ ማርያምን፣ በደቅ ያለችውን ናርጋ ሥላሴን፣ እንዲሁም በዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረትንና አዝዋ ማርያምን ወንድም ሴትም ገብቶ ይሳለማል፣ ይጎበኛል።

ይህን አስቀድሜ የማነሣው ስለደረሰብኝ ነው። በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት እኔና ባለቤቴ ጀልባ ተከራይተን ወደ ዳጋ ሄድን። ያከራየን ሰው ሁለታችንንም እያየ ዋጋውን ሲነግረን ሴት ወደ ገዳሙ እንደማትወጣ አንድም ቃል አልተነፈሰም፤ እኛም አልጠየቅንም። ሦስት ሰዓት ያህል ውኃው ላይ ተጉዘን ስንደርስ ባለቤቴ ኮረብታውን ይዞ ወጣ፣ እኔ ከነጂው ጋር ዳርቻው ላይ ቀረሁ። ነጂው ሽማግሌ ቢጤ ናቸው፤ ከመቀመጫቸው ሥር በፌስታል የተቋጠረ ቆሎ አውጥተው በእፍኛቸው ዘገኑልኝና «ልጄ፣ ቀድሞ ቢነግሩሽ ኖሮ እንጦስ ትሄጂ ነበር» አሉኝ። ባለቤቴ ሲመለስ በመስተዋት ሣጥን ስላረፈው የነገሥታት ዐፅም፣ ስለ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ስለ ዐፄ ሱስንዮስና ስለ ዐፄ ፋሲል መንገዱን ሙሉ ሲነግረኝ መጣ። ደስ ብሎት ነበር፤ እኔ መቅረቴ ትዝ ሲለው ግን ድምፁ ዝቅ ይላል። በገዳሙ ሥርዓት ቅሬታ የለኝም፤ መነኮሳቱ የመነኑበት ቦታ ነው፣ ሥርዓቱም ከእኛ በፊት የኖረ ነው። ያጠፋነው ሳንጠይቅ የሄድነው እኛ ነን፤ አብረን ለመዋል በወጣንበት ቀን የሚለያየንን ቦታ መረጥን።

ባልየው የወንዶቹን ገዳም ሳያይ መመለስ ካልፈለገ ግን መላ አለው። ክብራንና እንጦስ ጎን ለጎን ያሉ ደሴቶች ሲሆኑ ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳሉ። ክብራን ገብርኤል በ14ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ዘዮሐንስ የተመሠረተና በብራና መጻሕፍቱ የታወቀ ገዳም ነው። እሱ ክብራንን ሲያይ እሷ እንጦስን ታያለች፤ ከዚያ ጀልባው አገናኝቷቸው ቀሪውን ጉዞ አብረው ይቀጥላሉ። መለያየቱ ከአንድ ሰዓት ስለማይበልጥ ቀኑን አያበላሸውም። ዳጋ ላይ ግን ርቀቱ ራሱ ግማሽ ቀን ይበላል፤ ለጥንዶች አልመርጠውም።

ዘጌ ወይስ ደቅ?

አብረው ከሚገባባቸው መካከል እውነተኛው ምርጫ በዘጌና በደቅ መካከል ነው። ዘጌ በትክክል ከተናገርነው ደሴት ሳይሆን ባሕረ ገብ መሬት ነው፤ በመኪናም ይደረሳል። ይሁን እንጂ በጀልባ ስትሄዱበት ደሴት እንዳልሆነ ፈጽሞ አይሰማችሁም። ከባሕር ዳር አንድ ሰዓት ያህል ተጉዛችሁ ስትወርዱ የሚቀበላችሁ ጫካ ነው፤ ጫካውም ቡና ነው። ዋርካና ዋንዛ ከላይ ጥላ ይሆኑታል፣ ቡናው ከሥር ይበቅላል፣ በመካከሉ በድንጋይ የተደለደለች ቀጭን የእግር መንገድ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ትወጣለች። በአካባቢው ትውፊት መሠረት አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሰብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ፤ ሕዝቡም መሬቱን በበሬ እንዳያርስ ታዘዘ። የዘጌ ጫካ እስከ ዛሬ ሳይመነጠር የኖረው ይህ ቃል ስለተጠበቀ ነው፤ ዙሪያውን ያለውን የታረሰ አገር አይቶ ወደ ዘጌ የገባ ሰው የትእዛዙን ዋጋ በዓይኑ ያየዋል።

ኡራ ኪዳነ ምሕረት የዘጌ ዋና መዳረሻ ናት። ቤተ ክርስቲያኗ ክብ ናት፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማሕሌቱን፣ ቅድስቱንና መቅደሱን ይዛለች፤ ሥዕሎቹም ያሉት በመቅደሱ ውጫዊ ግድግዳ ላይ ነው። ሥዕሎቹ በጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው፤ ብርሃን እንዳያደበዝዛቸው መጋረጃ ይጋረድባቸዋል። አንድ አባት መጋረጃውን ገለጥ አድርገው በረጅም ዘንግ እየጠቆሙ ያስረዳሉ። በላዔ ሰብእ የሚባለው፣ ሰው በመብላት የታወቀው ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለጠማው ለምጻም ጥርኝ ውኃ የሰጠበት ሥዕል ጋ ስትደርሱ አትቸኩሉ። ሥዕሉን በልጅነቴ ከእናቴ ጋር ሆኜ አይቼዋለሁ፣ ካገባሁም በኋላ አይቼዋለሁ፤ ሚዛኑ ላይ ያለችውን ያችን ጥቂት ውኃ ፈልጉና ተመልከቷት። ግቢው ውስጥ ከዛፍ ላይ የተንጠለጠሉ መረዋ ድንጋዮች ስላሉ ለጸሎት ሲመቱ ድምፃቸውን መስማት የሚቻልበት ዕድልም አለ።

ዘጌ የሚመረጥበት ሌላው ምክንያት ምቾት ነው። ግማሽ ቀን ይበቃዋል፤ የእግር መንገዱ አቀበት ቢኖረውም በዝግታ ለሚሄድ ሰው ከባድ አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ከሄዳችሁ በየደጃፉ የተሰጣ ቡና ታያላችሁ፤ አንዳንዱ ቤት ጀበና ጥዶ እንግዳ ይጠብቃል። ጉድለቱም በዚያው ልክ ነው፤ ብዙ ሰው ይሄድበታል። በመንገዱ ዳርና ዳር የእጅ ሥራ የሚሸጡ ልጆችና እናቶች ይኖራሉ፣ ሥዕሎቹም ጋ ከሌላ ቡድን ጋር ልትገጣጠሙ ትችላላችሁ። ጸጥታ ለሚሻ ሰው ይህ ትንሽ ይከብደዋል።

ደቅ በዚህ ረገድ ሌላ ዓለም ነው። የጣና ትልቁ ደሴት ነው፤ ገበሬዎች የሚያርሱበት፣ ከብት የሚሰማራበት፣ ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱበት የሕዝብ መኖሪያ ነው። በምዕራብ ጠርዙ ያለችውን ናርጋ ሥላሴን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሳነጸቻት እቴጌ ምንትዋብ ናት፤ በጎንደር ያለውን የቁስቋምን ቤተ ክርስቲያን ያሠራችው ያችው እቴጌ። ወፍራሙ የድንጋይና የኖራ አጥር የጎንደርን ግንብ ያስታውሳል። ከሥዕሎቹ መካከል አንዱ ላይ ራሷ እቴጌዪቱ በእመቤታችንና በልጇ እግር ሥር በግንባሯ ተደፍታ ትታያለች። አገር የምታስተዳድር ሴት ራሷን እንዲህ አድርጋ ማሣሏ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል፤ ለሴት ጎብኚ ደግሞ፣ በብዙ ደጃፍ ላይ ቆማ ከተመለሰችበት ሐይቅ ላይ፣ ሴት ባሠራችው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገብቶ የመቆም ስሜቱ የተለየ ነው።

ችግሩ ርቀቱ ነው። ናርጋ በአብዛኛው የሞተር ጀልባ ከባሕር ዳር ሦስት ሰዓት ያህል ስለሚወስድ ደርሶ መልሱ ሙሉ ቀን ነው። በደሴቱ ላይ የባሕር ዳርን ዓይነት ሆቴል አይጠብቃችሁም፤ ለማደር ከፈለጋችሁ ድንኳንና ስንቅ ይዛችሁ፣ የደሴቱን ሰዎች አስፈቅዳችሁ መሆን አለበት። እንግዲህ ምርጫው ይህን ይመስላል፤ አንድ ቀን ብቻ ላላቸው፣ ጀልባ ለሚያጥወለውላቸው፣ ወይም ሚስቲቱ ነፍሰ ጡር ለሆነችባቸው ጥንዶች ዘጌን አለጥርጥር እመርጣለሁ። ሁለት ሙሉ የሐይቅ ቀን ላላቸውና ዝምታ ለሚወዱ ግን የመጀመሪያውን ለዘጌ፣ ሁለተኛውን ለናርጋ እንዲሰጡ እመክራለሁ። ሁለቱን በአንድ ቀን ለማድረግ የሚሞክሩ አሉ፤ ይቻላል፣ ነገር ግን ዘጌን እየተሯሯጡ አይተው ናርጋ ሲደርሱ ደክመው ይገኛሉ፣ መልሱም በጣና ክፉ ሰዓት ላይ ይውላል። ስለዚህ ሰዓት ወደ ታች እመለሳለሁ።

ስለ ደብረ ማርያም ብዙ አልልም። ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት አጠገብ ያለች፣ ከከተማው በጀልባ ሩብ ሰዓት ያህል የምትርቅ ደሴት ስለሆነች ለመጡበት ከሰዓት በኋላ ወይም ለመሄጃው ጠዋት ትመቻለች። በዚያ አካባቢ ከደንገል የተሠራች ታንኳ በቀዘፋ ስትሄድ በቅርብ ታያላችሁ፤ ውኃ እየጠጣች ስለምትከብድ በየጊዜው ወደ ፀሐይ ወጥታ መድረቅ አለባት። ጎርጎራ ደግሞ በሐይቁ ሰሜን ዳርቻ፣ በጎንደር በኩል ያለች ናት። የደብረ ሲና ማርያምን ሥዕሎች ለማየትና በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት በተሠራው መዝናኛ ለማረፍ ለሚፈልጉ ጥሩ ናት፤ ነገር ግን ከባሕር ዳር የቀን ጉብኝት አድርጋችሁ አታስቧት፣ ከጎንደር ጉዞ ጋር አያይዟት።

ስለ ነፋሱ

ጣና ትልቅ ውኃ ነው፤ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፣ በሁሉም አቅጣጫ ክፍት ነው። ከውኃው ስፋት አንጻር ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ወደ 15 ሜትር ነው። ጥልቀት በሌለውና ክፍት በሆነ ውኃ ላይ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ አጭር፣ ቀጥ ያለና ተከታታይ ይሆናል። ጠዋት መስተዋት መስሎ የነበረው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ጀልባውን ሲያንገጫግጭ፣ ውኃ እየረጨ ልብስ ሲያርስ የምታዩት ለዚህ ነው። ነባር ጀልባ ነጂዎች ማልደው ተነሥተው ነፋሱ ሳይበረታ ለመመለስ የሚጥሩትም ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህ ሁሉ ነፋስ ካለ ዊንድሰርፊንግ ለምን አይሆንም? አንደኛው ምክንያት ጤና ነው። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለ፤ ተሸካሚዎቹ ቀንድ አውጣዎች የሚኖሩት ደግሞ ሣርና ደንገል በበዛበት፣ ውኃው በማይወራጭበት ዳርቻ ነው። ይህን ስፖርት የሚማር ሰው በመጀመሪያው ቀን ብዙ ጊዜ ውኃ ውስጥ ይወድቃል፣ ሰሌዳውን እየጎተተም ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ይመላለሳል፤ ማለትም ሰዓታትን የሚያሳልፈው በሽታው በሚይዝበት ቦታ ላይ ነው። በጀልባ ተቀምጦ እጅን ከሚረጭ ውኃ ጋር ይህን አታነጻጽሩት። ሁለተኛው ጉማሬ ነው፤ በተለይ ዓባይ በሚወጣበት በኩል። ሦስተኛው በ2004 ዓ.ም. ከታየ በኋላ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የተስፋፋው እምቦጭ ነው፤ ከሰሌዳው ሥር ያለውን ክንፍ ይይዛል። የመጨረሻው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ነፋስ ከዳርቻ ወደ መካከል ቢወስዳችሁ በሞተር ደርሶ የሚመልሳችሁ የነፍስ አድን ጀልባ ቆሞ አይጠብቃችሁም። ውኃ ውስጥ ገብታችሁ ከሆነ ግን አትደንግጡ፤ ከሳምንታት በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ፣ ፕራዚኳንቴል በሚባል መድኃኒት ይታከማል።

ከፍታውም የራሱ ነገር አለው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ስለሆነ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር 15 በመቶ ያህል ይሳሳል። ሸራን የሚገፋው የአየሩ ክብደት ስለሆነ፣ በተመሳሳይ የነፋስ ፍጥነት ጣና ላይ የሚገኘው ግፊት በውቅያኖስ ዳር ከሚገኘው በዚያው ልክ ያንሳል። በስልክ ትንበያ ላይ «ጥሩ ነፋስ» ብሎ የሚያሳየውን ቁጥር በቀጥታ ማመን ስለዚህ አይገባም።

ላንጋኖ ወይስ ዛንዚባር?

ስፖርቱን ከልብ ለሚፈልጉ ጥንዶች ሁለት አማራጭ አቀርባለሁ። አገር ውስጥ ላንጋኖ አለ። ከአዲስ አበባ በመኪና ወደ 200 ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ በአንድ ጠዋት ይደረሳል። ውኃው ቡናማ ስለሆነ ሲያዩት አይማርክም፤ ነገር ግን ከቢልሃርዝያ ነፃ በመባል የታወቀ፣ ሰው ለዓመታት ሲዋኝበትና የውኃ ስፖርት ሲሠራበት የኖረ ሐይቅ ነው። ከሄዳችሁ በኋላ ሰሌዳ እንዳታጡ ወደምታርፉበት ቦታ አስቀድማችሁ ደውሉና ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፤ ሸራው ያልተቀደደ፣ ለሁለታችሁም ቁመት የሚሆን መሣሪያ አለ ወይ? አስተማሪውስ በሥራ ላይ ነው ወይ? በላንጋኖ የሚጎድለው ጉብኝቱ ነው፤ ከጣና ደሴቶች ጋር የሚወዳደር ሥዕልና ታሪክ ዳርቻው ላይ አታገኙም። የአቢጃታ ሻላ ፓርክ ቅርብ ስለሆነ ወፍ ለሚወድ ሰው ግማሽ ቀን ይሞላለታል።

ደሴት፣ ነፋስና ጉብኝት በአንድ ቦታ የሚገኝበት ዛንዚባር ነው። ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ። በምሥራቅ ዳርቻው ያሉት ፓጄና ጃምቢያኒ ከፊታቸው የዛጎል ዐለት ግድብ ስላላቸው ውኃው ጥልቀት የለውም፣ የውቅያኖሱ ማዕበልም አይደርስበትም። ነፋሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ኩሲ የሚሉት የደቡቡ ነፋስ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ካስካዚ የሚሉት የሰሜን ምሥራቁ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ድረስ። ለእኛ ይህ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው፤ ኩሲ የሚነፍሰው ጣና ላይ ክረምት በሆነበት ጊዜ ሲሆን ካስካዚ ደግሞ ከጥር ሠርጎቻችን ጋር ይገጥማል። በመጋቢትና በሚያዝያ አጋማሽ ላይ ግን አትሂዱ፤ ያ የዝናባቸው ወቅት ነው። በፓጄ የበዛው በካይት፣ ማለትም በገመድ ተይዞ ሰማይ ላይ በሚበር ሸራ፣ የሚደረገው ስፖርት መሆኑን እወቁ፤ ካይት ከዊንድሰርፊንግ የተለየ ነው፣ ለመማርም ረዘም ያለ ጊዜና ሰፊ ባዶ ቦታ ይጠይቃል። ለጀማሪ ጥንዶች ሸራው ከሰሌዳው ጋር የተያያዘበት ዊንድሰርፊንግ ይቀላል ብዬ አምናለሁ፤ ሲደክማችሁ ሸራውን ለቅቃችሁ ሰሌዳው ላይ ትቀመጣላችሁና።

ዛንዚባር ላይ ቀኑን የሚወስነው ባሕሩ ነው። ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ሸሽቶ ከመቶ ሜትሮች በላይ አሸዋ ይገለጣል፣ መልሶም ይሞላል፤ ትምህርቱ የሚሰጠው ከሙላቱ ጋር ነው። ስለዚህ ጎዶሎው ሰዓት ለጉብኝት ይቀርላችኋል፤ በ2000 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችውን አሮጌዋን ከተማ ስቶን ታውንን፣ የቅመማ ቅመም እርሻዎቹን፣ ቀይ ጉሬዛ መሳይ ዝንጀሮዎች ያሉበትን የጆዛኒ ጫካ ማየት ይቻላል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልጋችኋል፣ የደሴቱ መንግሥት የሚጠይቀውን የጉዞ መድንም አስቀድማችሁ ግዙ። ከተማው የሙስሊሞች ከተማ ስለሆነ በመንገዱ ላይ ትከሻና ጉልበትን ሸፍኖ መሄድ ተገቢ ነው፤ ወደ ጣና ገዳማት በነጠላና በረጅም ቀሚስ ለምትሄድ ሴት ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

በዋጋ ጣናና ላንጋኖ ከዛንዚባር ጋር አይወዳደሩም፤ የዛንዚባሩ የአውሮፕላን ትኬት ብቻ የጣናን ጉዞ በሙሉ ሊሸፍን ይችላል። እኔ ብጠየቅ የማደርገውን ልናገር። በመጀመሪያው ዓመት ጣናን፣ ሲጠራቀም ደግሞ በክረምት ዛንዚባርን እመርጣለሁ። ጣና ላይ ሰሌዳ ባይኖራችሁም አትቸገሩ፤ ሐይቁ ለሁለት ሰው የሚሆን ብዙ ነገር አለው።

ቀኑን እንዴት ትከፍሉታላችሁ?

ሦስት ቀን ላላቸው ጥንዶች የምመክረው ይህ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ውጡ፤ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያለበት ሲሆን ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ሲታጠፍ፣ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትሩ አዲሱ ድልድይና ከተማው በሙሉ ከዚያ ይታያሉ። ሁለተኛው ቀን የዘጌና የእንጦስ ነው። ሦስተኛው እንደ ወቅቱ ነው፤ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ድረስ ከሆነ ጢስ ዓባይ ሂዱ፣ ፏፏቴው ሞልቶ የሚጤስበት ጊዜ ነው። በበጋው ግን ብዙው ውኃ ወደ ኃይል ማመንጫ ስለሚሄድ ፏፏቴው ይቀጥናልና በምትኩ ናርጋን ምረጡ። ሰማዩ የጠራው፣ ለጀልባም የሚመቸው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ነው። ከመነሣታችሁ በፊት የጸጥታውን ሁኔታ ከምታርፉበት ሆቴልና ከአካባቢው ሰው ጠይቃችሁ ሰሞነኛውን መረጃ ያዙ፤ ይህን በየትኛውም መመሪያ ላይ ከተጻፈ ነገር አስበልጡት።

የጾም ወቅት ከሆነ በቀትር ቅዳሴ ስላለ ሥዕሎቹን ለማየት ማለዳው ይሻላል። ጫማ በቀላሉ የሚወልቅ ይሁን፤ ወለሉ ቀዝቃዛ ስለሆነ ካልሲ ጨምሩ። ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት አባቶችን አስፈቅዱ፣ ብልጭታውንም አጥፉ፤ እነዚያን ቀለሞች ብርሃን ነው የሚጎዳቸው። ማታ ከተማ ስትመለሱ ቀረሶ የተባለውን ዓሣ ሙሉውን አስጠብሱና በአንድ ትሪ ብሉ፤ በእጃችሁ አጥንቱን እየለያችሁ፣ ሚጥሚጣውን እያነካካችሁ።

ጀልባ ስትከራዩ በቃል የተስማማችሁት በሙሉ ከመነሣታችሁ በፊት ይለይ፦ የትኞቹ ቦታዎች፣ በየቦታው ስንት ሰዓት መቆያ፣ ሴት የምትገባበት የቱ እንደሆነ፣ የቤተ ክርስቲያን መግቢያና የአስጎብኚ ክፍያ በዋጋው ውስጥ ይኑር አይኑር። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወደቡ ላይ ተገኙ፤ ዘጌ ከሆነ ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት መልስ ላይ እንድትሆኑ ተነጋገሩ። ናርጋ ከሆነ 12 ሰዓት ላይ ተነሡ፣ ተጨማሪ ነዳጅ መያዙንም በዓይናችሁ እዩ። ላይፍ ጃኬቱን ነጂው ከመቀመጫ ሥር አውጥቶ እስኪሰጣችሁ አትጠብቁ፤ ሁለት መኖራቸውን፣ ማሰሪያቸውም የሚቆለፍ መሆኑን አረጋግጣችሁ፣ ገና ከወደቡ ሳትርቁ ልበሱት።